ዝቅ ያለች መኪና ጎማዋ ሲፋቅ፦ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ዝቅ የተደረገች መኪና የምትፈተነው በሐይቁ ዳር፣ ዘንባባ በተተከለበት አስፋልት ላይ አይደለም። እዚያማ ሁሉም መኪና ጸጥ ይላል። ወደ ቀበሌ ውስጥ ታጥፋችሁ ኮብልስቶኑን ስትይዙ፣ ከኋላ ሁለት ጓደኛ ጭናችሁ ስፒድ ብሬከር ስታልፉ ነው «ክርርር» የሚለው።

የወዳጄ ኮሮላ እንዲህ ነበረች። ለውድድር ትሆነኛለች ብሎ በአጭር ሞላ ዝቅ አደረጋት፣ ሰፊ ቸርኬም አስገጠመላት። ድምፁን እንደሰማ በቀጥታ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ፓራፋንጎው በመዶሻ ተመታ፣ ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነበር። ለካስ ጎማው የሚፋቀው መሪ ሙሉ ሲዞር ከፓራውልቱ ጀርባ ባለው ፕላስቲክ ላይ ኖሯል።

1. የት እንደሚነካ ፈልጉ

መጀመሪያ መቼ እንደሚፋቅ አዳምጡ። በዝግታ መሪውን እስከ መጨረሻ ስታዞሩ ብቻ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚነካው በፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ወይም በውስጥ በኩል ሻንሲውን ነው። ስፒድ ብሬከር ላይ ወይም ሰው ሲጫን ከሆነ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ጠርጥሩ። በፍጥነት ስትታጠፉ ከመጣም እንደዚያው፦ ክብደቱ ከመታጠፊያው ውጭ ባለው ጎን ይተኛና ሞላው ይጨመቃል። የውድድር መኪና ላይ ይሄኛው ይብሳል፤ ፍሬን እንደያዛችሁ መታጠፍ ስትጀምሩ የፊቱ ውጪኛ ጎማ ከምትገምቱት በላይ ወደ ላይ ይገባል።

ቀጥሎ የጎማውን ትከሻና ጎን ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡ። ሁለት ሰው ጭናችሁ ወደ ቤዛዊት የሚወስደውን ዳገት ወጥታችሁ ተመለሱ፤ ስትመለሱ በኮብልስቶን በኩል እለፉ። ጠመኔው ከጎማው የለቀቀበት፣ ፕላስቲኩ ላይ ያረፈበት ወይም ቀለሙ የተላጠበት ቦታ መልሱን ይነግራችኋል። ጎማው ተፍቆ ውስጡ ያለው ክር ከታየ ሌላውን ሥራ ትታችሁ ጎማውን ቀይሩ።

በሚገባ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሞላውን ያስወጣል። መኪናዋን በክሪክ አንስታችሁ በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይገባም። ሾክ አብዞርበሩን ያለ ሞላው መልሳችሁ ግጠሙና ጎማውን በሌላ ክሪክ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ መሪውንም ግራና ቀኝ አዙሩ። መንገድ ላይ በቅጽበት የሚያልፈውን ነገር ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ይህ ግን የሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ይፈልጋል። ተጨምቆ ያለ ሞላ ካመለጠ ሰው ሊገድል ስለሚችል መሣሪያው ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት።

2. ቁጥሮቹን አንብቡ

ጎማው ላይ 195/60 አር 15 ከተጻፈ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 60 በመቶ ማለትም 117፣ ቸርኬው 15 ኢንች ወይም 381 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ጎን ከቸርኬው ጋር ደምሩ፤ 615 ይመጣል። በቦታው 215/55 አር 16 ከገባ ወደ 643 ያድጋል፤ ከመሃል ወደ ላይ ሲለካ 14 ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። 205/50 አር 16 ቢሆን ግን 611 ገደማ ነው። ቸርኬው ቢተልቅም ጎማው አልረዘመም።

ሰዎች የሚዘነጉት ሁለተኛውን ቁጥር ነው፤ ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ የተቀረጸውን። ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ከ6 ኢንች ስፋትና ከኢቲ 45 ወደ 7 ኢንችና ኢቲ 35 ብትሄዱ የውጪው ጠርዝ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል፣ የውስጡ ደግሞ 3 ገደማ ይገባል። ወደ ውጭ የወጣ ጎማ መሪ ሲዞር ሰፊ ክብ ስለሚሠራ ፕላስቲኩን ያገኘዋል። የወዳጄም መኪና ችግር ይኸው ነበር።

3. ከቀላሉ ጀምሩ

ስፔሰር፣ ማለትም ጎማውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከቸርኬው ጀርባ የሚገባው ብረት፣ ካለ አውጡት፤ ስታወጡት ግን ጎማው በውስጥ በኩል ሾክ አብዞርበሩን እንዳይነካ ተመልከቱ። ፕላስቲኩ ብቻ ከተነካ የተነካውን ያህል በቢላ ቁረጡ ወይም በሙቅ አየር አለስልሳችሁ ወደ ኋላ ግፉትና በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት። የወዳጄን መኪና በኋላ ያየለት አንድ ሸምገል ያለ ላሜራ ሠሪ «ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ የላሜራ ሥራ አይደለም» ብሎ በሩብ ሰዓት ጨረሰለት።

ካልበቃ ከፍታውን 10 ሚሊ ሜትር መልሱ። ይህ የሚሆነው ሞላው በጥርስ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ነው። ሞላ መቁረጥን እኔ አልወደውም፤ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

በሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ያለውን የላስቲክ ትራስ በማወፈርም ጎማው ወደ ላይ የሚገባበትን ርቀት ማሳጠር ይቻላል። ከበዛ ግን መኪናዋ መታጠፊያ መሃል ላይ በድንገት ትደነድንና መሬት የመያዝ አቅሟን ታጣለች። የጎማውን አናት ጥቂት ወደ ውስጥ ማዘንበልም ይረዳል፣ ዋጋው የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ማለቁ ነው።

4. የፓራፋንጎውን ጠርዝ ማጠፍ

ጠመኔው ጠርዙን ካሳያችሁ ብቻ ወደዚህ ኑ። የፕላስቲኩን ሽፋን አውጡ፣ ጠርዙን አጽዱ፣ ቀለሙን በሙቅ አየር እጅ ሊይዘው እስከማይችል አሙቁት። ቀዝቃዛ ቀለም ይሰነጠቃል። ጎማውን አውልቃችሁ በማሰሪያው ላይ በሚታሰር መንከባለያ መሣሪያ ጥቂት ጥቂት እያጠፋችሁ ደጋግሙ፤ በአንድ ጊዜ መጨረስ ላሜራውን ያወላግደዋል። የኋላ ጎማዎች ጋ ጠርዙ ሁለት ላሜራ የተጣበቀበት ስለሆነ ማሸጊያው ይከፈታል፤ እንደገና አሽጉና ዝገት መከላከያ ቀቡት፣ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ይገባበታል። የነዳጅ ማስገቢያው ቱቦ በዚያ ጎን ካለፈ በሙቀት አትቅረቡት።

5. መልሳችሁ ፈትኑ

ከፍታ ወይም የጎማ ዝንባሌ ከተነካ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በመሣሪያ ማስተካከል) ግዴታ ነው። የጎማውን ዳዶ የጥብቀቱን መጠን በሚያሳይ መለኪያ ቁልፍ አጥብቁ፤ ለብዙዎቹ ኮሮላዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው። 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ድገሙት። ከዚያ ጠመኔውን እንደገና ቀብታችሁ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰው ጭነት ሂዱ፤ ባዶ መኪና ይዋሻል። ክረምት ላይ ደግሞ ከፕላስቲኩ ጀርባ ጭቃ ተጠቅጥቆ ሽፋኑን ወደ ጎማው ስለሚገፋው፣ ድምፁ ከተመለሰ በመጀመሪያ በውሃ እጠቡት።