ከብላክስበርግ እስከ ፎልስ ቸርች፦ የአገር ናፍቆት የሚያስታግስ የቅዳሜና እሁድ የምግብ ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ብላክስበርግ በቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ግን ትልቅ ስለሆነ ከቬትናም፣ ከኮሪያና ከቻይና የመጡ ተማሪዎች በብዛት ይኖሩባታል። የአገራቸው ምግብ እንደ ልብ አይገኝም። እንጀራ ፍለጋ ሰዓታት የነዳ አበሻ ይህን ሳያስረዱት ያውቀዋል። ደግነቱ 260 ማይል ገደማ ርቆ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ፣ ፎልስ ቸርች በምትባለው ከተማና ዙሪያዋ፣ የቬትናሙም፣ የኮሪያውም፣ የእኛም ምግብ በአንድ አካባቢ ተሰብስቧል። አብሯችሁ የሚማር ወይም የሚኖር ሰው አገሩ ናፍቆት ዝም ካለ፣ እንዲህ አድርጋችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

1. መጀመሪያ ጠይቁት

“ምን ምግብ ትወዳለህ?” የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅም። “እናንተ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ምን ይበላል? ሲያምህ እናትህ ምን ትሠራልህ ነበር?” በሉት። መልሱ ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ምግብ የተለየ ሊሆን ይችላል። ቬትናም ውስጥ ያለችው የሁዌ ከተማ ልጅ የሚናፍቀው ፎ የሚባለው የሩዝ ፓስታ ሾርባ ሳይሆን ጠጅ ሣርና ቃሪያ የበዛበት የከተማው ሾርባ፣ ቡን ቦ ሁዌ፣ ሊሆን ይችላል። ኮሪያዊቷ ደግሞ የከብት አጥንት መረቁ ነጭ እስኪሆን ለረጅም ሰዓት የሚቀቀልበትን ሶልሎንግታንግ ትል ይሆናል። የጉዞው ዕቅድ በዚያ አንድ ምግብ ዙሪያ ይሁን። በሁለት ቀን አሥር ሬስቶራንት ለማዳረስ መሯሯጥ ሰው ያደክማል፤ ናፍቆቱም ባለበት ይቀራል።

2. ዓርብ ማታ ንዱ

በአይ-81 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በአይ-66 ወደ ምሥራቅ፤ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አይ-81 የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ሁለት ሹፌር ቢኖር ይሻላል። አይ-66 ላይ “ኤክስፕረስ” የሚባሉት መስመሮች ያስከፍላሉ፣ መክፈል ካልፈለጋችሁ ተራውን መስመር ያዙ። እዚያው ማደሩ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር ቁርሱ ነው።

3. ቅዳሜ በጠዋት ኤደን ሴንተር ድረሱ

ይህ የቬትናሞች የገበያ ማዕከል ታሪክ አለው። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በሰሜኑ እጅ ስትወድቅ ከተሰደዱት ቬትናሞች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት አርሊንግተን ውስጥ ክላረንደን ላይ ነበር። የሜትሮ ባቡር ጣቢያ በ1979 ሲከፈትና ኪራይ ሲንር ነጋዴዎቹ ቀስ በቀስ ለቀቁ፤ በ1984 ደግሞ ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር ተከፈተ። ዛሬ ከመቶ በላይ ሱቅና ምግብ ቤት አለው። ግቢው ውስጥ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን ቢጫው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ይውለበለባል። ከሰሜን የመጣ ወይም ከ1975 በኋላ የተወለደ ጓደኛ ለዚያ ባንዲራ ያለው ስሜት ሊለይ ስለሚችል፣ እሱ ካላነሳው የፖለቲካ ጥያቄ አታንሱበት።

በጠዋት መሄድ የሚበጀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፎ አገሩ ላይ የጠዋት ምግብ ነው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ይጨናነቃል። ሁለተኛ፣ ቬትናም ከቨርጂኒያ በ11 ወይም በ12 ሰዓት ስለምትቀድም፣ እዚህ ቁርስ ሲሆን እዚያ ምሽት ነው፤ ቤተሰብ እቤት ተሰብስቧል። ሳህኑ ሲቀርብ ለእናቱ በቪዲዮ ይደውል። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ፎው ሲመጣ ምንም ሳትጨምሩ መጀመሪያ መረቁን በማንኪያ ቅመሱ። የተጠበሰው ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋው፣ ኮከብ የሚመስለው ቅመም የሚለየው ያኔ ነው። ከዚያ በሶብላ የሚመስለውን ቅጠል በእጃችሁ በጥሳችሁ፣ የማሾ ቡቃያውን ጨምራችሁ፣ ሎሚ ጭመቁበት። ድልሁን መረቁ ውስጥ ከማፍሰስ በትንሿ ሳህን አድርጎ ሥጋውን መንከር ይሻላል። “ታይ” ካላችሁ ስስ ጥሬ ሥጋ ይመጣል፣ ትኩሱ መረቅ ዓይናችሁ እያየ ያበስለዋል።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ፦ “ቦ” የከብት፣ “ጋ” የዶሮ፣ “ሄዎ” የአሳማ ነው። ባን ሚ የሚባለው ሳንድዊች ብዙውን ጊዜ አሳማ አለበት፤ ቡን ቦ ሁዌም፣ ስሙ የከብት ቢሆንም፣ የአሳማ እግር ይገባበታል። ሐላል የምትሹ ደግሞ ስለ ሥጋው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፆም ላይ ከሆናችሁ “ቻይ” በሉ። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን የሚበሉት ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ ነው። ካሽም ያዙ፤ ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች አሉ።

እናዝዝልህ አትበሉት፣ እሱ ይዘዝ። ከባለቤቶቹ ጋር በቋንቋው ወሬ ከጀመረ አታቋርጡት፣ አስተርጉምልንም አትበሉት።

4. ማታውን አናንዴል

አናንዴል ለፎልስ ቸርች ቅርብ ነው፤ የኮሪያ ምግብ ቤቶቹ መንገዱን ይዘውታል። ባንቻን የሚባሉት ትናንሽ ማባያዎች ሳይጠየቁ ይመጣሉ፣ ሲያልቁም ይጨመራሉ፤ ሂሳብ የለባቸውም። ክትፎ የሚወድ ዩክሆይን ይሞክር፦ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ጥሬ የከብት ሥጋ ከእንቁላል አስኳል ጋር ነው።

5. ግዢውን ለእሁድ አቆዩት

ቀዝቃዛ ዕቃ መኪና ውስጥ እንዳያድር ግዢው መመለሻው ላይ ይሁን። በ1982 ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ የተጀመረው ኤች ማርት የሚባለው የእስያ ምግብ ሱፐርማርኬት በአካባቢው ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ አለው። ብላክስበርግ ያጣችሁትን አስቀድሙ፦ ለምሳሌ የዓሣ ሶስ፣ ጎቹጃንግ የሚባለው የኮሪያ ድልህ፣ የሩዝ ፓስታ፣ በፍሪዘር የደረቀ ዱምፕሊንግ (ሥጋ ወይም አትክልት የተጠቀለለበት ሊጥ)። ትኩስ ቅጠል ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ ግዙ።

ኪምቺ፣ ማለትም በቃሪያ የተብላላው የኮሪያ ጎመን፣ መንገድ ላይም መፍላቱን አይተውም። የታሸገበት ጠርሙስ እስከ አፉ ያልሞላ ይሁን፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በሁለት ፌስታል ይታሰር። ፎ ለመውሰድ ካሰባችሁ መረቁንና ፓስታውን ለየብቻ አስጭኑ፤ መረቁ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፣ ፓስታው ግን ይላሽቃል። ሥጋና ዓሣ ከበረዶ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት ኩለሩን በበረዶ ሙሉት።

6. እንጀራውን አትርሱ

ከኤደን ሴንተር ትንሽ ነድታችሁ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ የአበሻ ምግብ ቤቶችና መደብሮች አሉ። ሁለት ቀን የእሱን ገበታ ስትካፈሉ ቆይታችሁ እዚህ እናንተ ጋባዥ ብትሆኑ ደስ ይላል፤ ያኔ ማዘዙም የእናንተ ነው። ለሳምንቱ የሚሆን እንጀራና በርበሬ ጫኑ። እንጀራው ምንም ሳይጫንበት ከላይ ይቀመጥ፣ ከኪምቺው ጋር በአንድ ቦርሳ አታድርጉት።