ተከራይ ሲወጣ ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት

ኮንዶሚኒየም የምታከራዩ ሰዎች፣ ተከራይ ለቆ ሲወጣ ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት መጀመሪያ ውሃውን ቼክ አድርጉ፣ ብዙ ሰው ግድግዳውን ያሳምርና ይሄን ይረሳዋል። ቧንቧዎቹን በሙሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩት፣ ምንም ሳይከፈት እየዞረ ከሆነ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሽንት ቤቱ ነው። የታንከሩን ክዳን አንሱና ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበት፣ ግማሽ ሰዓት ውሃ ሳትለቁ ቆዩ፣ ቀለሙ ወደ ሳህኑ ከወረደ ውስጥ ያለችው ጎማ አልቃለች፣ እሷን ማስቀየር ቀላል ነው። ጎማዋ ተቀይራም ቆጣሪው ካላቆመ ግን የታች ጎረቤት ኮርኒስ ሳይረጥብ ቶሎ ቧንቧ ሰራተኛ ጥሩ።

ከዛ ቁምሳጥን የነበረበትን ግድግዳ እዩ። ሻጋታ ካለ ቀለም ብትደርቡበት ተመልሶ ይወጣል፣ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ አስተካክሉና በውሃ በቀጠነ በረኪና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ መስኮት ተከፍቶ። እና በናታችሁ፣ ለምታፀዳላችሁ ልጅ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ እንዳትቀላቅል ንገሯት፣ ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በዛች ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።