ጥያቄያችሁን በአንድ መልእክት ጨርሱ

ጅማ ላይ በቡድን ሶፍትዌር ለምትሠሩ ሁሉ፦ ቴሌግራም ላይ «ሰላም ነው? አለህ?» ብላችሁ መልስ አትጠብቁ። አንዱ ቆጪ ሰፈር፣ ሌላው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሆኖ ሲሠራ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። «አለሁ» የሚል መልስ ሲመጣ ጠያቂው ኦፍላይን ነው። ግማሽ ቀን እንዲሁ ይባክናል።

ሰላምታውንም ጥያቄውንም አንድ ላይ ላኩ። ለምሳሌ፦ «ሰላም፣ እንዴት ዋልክ? የክፍያ ገጹ ላይ ‹ላክ› ስጫን 500 ስህተት ያመጣል። ከትናንቱ ኮሚት በፊት ይሠራ ነበር። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነስቻለሁ፣ ለውጥ የለም። ሎጉ ከታች አለ። እስከ ነገ ጠዋት ብታየው ይበቃኛል።» (500 የሰርቨር ስህተት ቁጥር ነው፤ ኮሚት የተመዘገበ የኮድ ለውጥ፣ ሎግ ደግሞ ፕሮግራሙ ስለ ሥራው የሚጽፈው መዝገብ ነው።) ይህን መልእክት ያነበበ ሰው እናንተ ባትኖሩም ሥራውን መጀመር ይችላል። የመልእክቱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በተለይ እወዳታለሁ፤ ሰው ሳይጨነቅ ጊዜውን እንዲያመቻች ታደርጋለች።

ስህተቱን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ፤ ጽሑፉን ኮፒ አድርጉ። በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይደርሳል፣ ፈልጎ ለማግኘትም ይመቻል።

ሌላው ቡና ላይ የሚወሰን ነገር ነው። እኛ አገር ጥሩ ሐሳብ የሚመጣው እዚያ ነው፤ እንዳይቀር። ግን ያልነበረው ሰው በምን ይወቅ? አራት ሰዎች ሲሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው የሚያወሩ ጥንዶች 6 ናቸው፤ ስምንት ሲሆኑ 28። ለሁሉም በየተራ ማውራት አይቻልም። ከቡናው እንደተነሣችሁ ጊትሀብ ኢሹው (ኮዱ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ ያለው የሥራው መወያያ ገጽ) ላይ ምን እንደተወሰነና ለምን እንደሆነ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል።