ከዋልታ መልስ የቤትን ብርድ መልመድ

በአንታርክቲካ የመስክ ሥራ የሚበዛው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት ሲሆን፣ በመካከሉ ፀሐይ በአብዛኛው የአህጉሩ ክፍል ለሳምንታት ሳትጠልቅ ትቆያለች። ስለዚህ ቤቱ በሩቅ ሰሜን የሆነ ተመራማሪ በጥቂት ቀናት ጉዞ ከማያልቅ ብርሃን ወጥቶ ቀኑ አጭር በሆነ የብርድ ወቅት ውስጥ ይገባል። ብዙዎች «ያንን ብርድ ችዬ ይሄ ምን ያደርገኛል» ብለው ይዘናጋሉ፤ በእኔ እምነት ግን ተመላሹን ከቅዝቃዜው ይበልጥ የሚፈትነው የብርሃን እጥረት በመሆኑ፣ መልመዱ ከእንቅልፍ መጀመር አለበት።

የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል፤ በየዕለቱ የሚያስተካክለውም በዋነኛነት የጧት ብርሃን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡና፣ ሲነጋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቤት ውጭ ይራመዱ። ሰማዩ ቢደምንም አይቅሩ፤ ደመናማ ቀን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ ሲሰጥ፣ የተለመደ የቤት መብራት ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። ሳይነጋ ሥራ የሚገቡ ከሆነ 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መብራት በቁርስ ሰዓት ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊትዎ ያስቀምጡ፤ የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከመጠን በላይ የሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ማታ ደግሞ መብራቱን ቀነስ ያድርጉ።

የዋልታው በረዶ ደረቅ ስለሆነ ከልብስ ላይ ይራገፋል። ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለው፣ ዝናብ የተቀላቀለበት ብርድ ግን ልብስን ያረጥባል፤ ውኃም ሙቀትን ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የጉዞውን ወፍራም ጃኬት ለብሶ ፈጠን ብሎ የተራመደ ሰው ጀርባው በላብ ይርሳል፤ ቆም ሲል ያው ላብ ያንዘፈዝፈዋል። ከውስጥ ስስ ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ልብስ ይበቃል።

ቀድሞ ውርጭ የመታው ጣት ለረጅም ጊዜ ብርድ አይችልም። በር ለመክፈት ጓንትዎን አውልቀው ቁልፉን ሳያዞሩ የጣትዎ ጫፍ እንደ ሰም ነጥቶ ከደነዘዘ፣ አይሹት፤ በብብትዎ ያሙቁት። የደነዘዘ ጣት ቃጠሎ ስለማይሰማው ወደ እሳት አያስጠጉት። ቀለሙ ካልተመለሰ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።

ለወራት ከጥቂት ሰዎች ጋር ብቻ የኖረ ሰው ሕዝብ መሐል ሲገባ ጉንፋን ቶሎ ይይዘዋል፤ ጫጫታውም ያደክመዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ግብዣ እንዲቀንሱልዎ ለቤተሰብዎ አስቀድመው ይንገሩ። እንቅልፍ ማጣቱ ወይም የመንፈስ ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ወደ ሐኪም ይሂዱና የት ከርመው እንደመጡ ይግለጹለት።