የ2019 በዓላትን ካላንደር ሳይጠብቁ ማውጣት

መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት በሕግ የተዘረዘሩ ናቸው፤ የአብዛኞቹም ቀን አይነቃነቅም። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ዓድዋ የካቲት 23፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ጳጉሜ 6 ስለሚሆን 28 ላይ ይውላል። ስሌት የሚፈልጉት ስቅለትና ፋሲካ ናቸው።

መጀመሪያ 2019 ላይ 5500 ይደመራል፦ 7519። ይህን ለ19 ሲያካፍሉ የሚተርፈው 14 መደብ ነው፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበር 13 ይሆናል። (ምንም ካልተረፈ ወንበሩ 18 ነው።) ወንበሩን በ19 አባዝተው ያገኙትን 247 በ30 ቢገድፉት (30ን ደጋግመው ቢቀንሱለት) 7 ይቀራል። መጥቅዕ (የስሌቱ መነሻ ቀን) ይህ ነው። ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ 14 ራሱ አይመጣም። እንግዲህ የ2019 መጥቅዕ ጥቅምት 7 ነው።

መጥቅዕ ከሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለማወቅ 7519ን ለ4 ያካፍሉ፤ ትርፉን ትተው 1879ን ከ7519 ጋር ይደምሩና በ7 ይግደፉ። 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። 4 ስለቀረ መስከረም 1 ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ደግሞ ቅዳሜ ነው። የዕለት ተውሳክ (መጥቅዕ እንደዋለበት ዕለት የሚደመረው ቁጥር) ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 ነው። 7 እና 8 ሲደመሩ 15፤ መባጃ ሐመር ይሉታል። መጥቅዕ በጥቅምት ከዋለ ነነዌ (ሰኞ የሚጀምረው የሦስት ቀን ጾም) በየካቲት፣ በመስከረም ከዋለ በጥር ስለሚገባ ነነዌ የካቲት 15 ነው። ከዚያ 67 ቀን ሲቆጠር ስቅለት ሚያዝያ 22፣ 69 ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 24።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ነው። በ2017 መጥቅዕ መስከረም 29 ረቡዕ ስለነበር 29 እና 4 ተደምረው 33 ሆኑ። 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ወሩም ከጥር ወደ የካቲት ያልፋል። ወሩን ሳያሻግር ጥር 3 ያለ ሰው ፋሲካን አንድ ወር ያስቀድማል። ነነዌ ሰኞ ካልሆነም ስሌቱ ተበላሽቷል።

ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ በጨረቃ ስለሚሄዱ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ገደማ ይቀድማሉ። የሥራ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ግራና ቀኙን አንድ አንድ ቀን ክፍት ይተው።

በ2019 ስቅለት ዓርብ፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ፣ ፋሲካ እሑድ ተከታትለው ይመጣሉ። እሑድ የዋለ በዓል ወደ ሰኞ አይሸጋገርም። በሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረትም በዓል ከሳምንት ዕረፍት ጋር ሲገጥም በዚያ ቀን የሠራ ሰው የሚከፈለው የአንዱን ብቻ ነው።