የኢትዮጵያን የፊልምና የቴሌቪዥን ቅርስ በኢንተርኔት ለማኖር፤ ሥራው ከየት ይጀመራል?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ረጅም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» የታየውም በዚያው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ምስል በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ በፊልም ሠሪዎች ቤትና በየግለሰቡ ቁም ሣጥን ተበትኖ ይገኛል። ይህን ሰብስቦ በኢንተርኔት ለማቅረብ የተነሣ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ማሽን በመግዛት ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ መገዛት ያለበት አንድ ወፍራም መዝገብ ነው ባይ ነኝ።

እያንዳንዱ ካሴትና የፊልም ቆርቆሮ የማይደገም ቁጥር ይሰጠው፤ በላዩ የተጻፈው ሁሉ፣ ስሕተቱና ስርዙ ሳይቀር፣ እንዳለ ወደ መዝገቡ ይገልበጥ፤ ዕቃውም ከነጽሑፉ ፎቶግራፍ ይነሣ። አንድ ጊዜ አቧራ የጠገበ ካሴት አጸዳለሁ ብዬ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጬ ጣልኩት። ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣ ከእሱም ሥር ሦስተኛ ወረቀት ወጣ። ካሴቱ ሦስት ጊዜ ተቀርጾበት ኖሯል፤ እኔ የጣልኩት ደግሞ በመጨረሻ የተቀረጸውን፣ ማለትም አሁን ክሩ ላይ ያለውን የሚናገረውን ነበር።

ከምዝገባው ጋር የዕቃው ጤንነት ይመረመራል። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ ካወጣ፣ ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት የተባለው ፕላስቲክ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ የሚወጣው አሲድ ጎረቤቱንም ስለሚያበላሽ ለብቻው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። እንዲህ ያለው ፊልም ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር፣ «እስቲ ምን እንዳለበት እንየው» ተብሎ ፕሮጀክተር ላይ ከተጫነ የጠርዙ ቀዳዳዎች ይቀደዳሉ። ሻጋታ የያዘ ካሴትም እንዲሁ ሳይጸዳ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሻጋታው ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል አበላሽቶ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴት ያስበላዋል። ማንኛውም ዴክ ሄዱ ተጠርጎ መጀመሪያ የሚፈተነው ቢጠፋ በማይቆጭ ካሴት ነው።

በቅደም ተከተሉ ላይ ብዙዎች አይስማሙኝም። በእኔ እምነት ኮምጣጤ ከሚሸተው ፊልም ቀጥሎ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዩማቲክ፣ ለቤታካምና ለቪኤችኤስ ካሴቶች ነው። በደህና ቦታ የተቀመጠ ፊልም አሥርት ዓመታትን ይታገሣል፤ የካሴቶቹ ማጫወቻዎች ግን መመረታቸው ቀርቷል፣ የሚጠግኗቸውም ባለሙያዎች እየተመናመኑ ነው።

ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንደኛው ምንም የምስል መረጃ ሳይጣል የሚቀመጠው የጥበቃ ቅጂ ሲሆን፣ ለዚህም ኤፍኤፍቪ1 የተባለው፣ ምስሉን ሳያጎድል የሚያጠብቅ ስልት ማትሮስካ በተባለ የፋይል ዓይነት ውስጥ ይመረጣል፤ ሁለተኛው በስልክ ጭምር የሚታየው ትንሹ የኤምፒ4 ቅጂ ነው። የሀገራችን ቴሌቪዥን በፓል ሥርዓት፣ በሰከንድ 25 ምስል ሲሠራ ስለኖረ ወደ 30 መቀየር አያስፈልግም። የጥበቃው ቅጂ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከሕንጻው ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይሁን። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ ፋይሉ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ቁጥር ተሠርቶ በየጊዜው ካልተመሳከረ ግን፣ ሦስቱም ጋ ያለው የተበላሸ ፋይል ቢሆን የሚያውቅ አይኖርም።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ርዕሱን፣ ዘመኑንና የሰዎቹን ስም የያዘ መግለጫ መጻፍ ይመጣል። ስብስብን መዝግበው በኢንተርኔት የሚያቀርቡት፣ ከውጭ የመጡት እንደ ኦሜካ ያሉ ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ፣ በቂም ናቸው፤ ነገር ግን የእኛን ዘመን፣ የእኛን ስምና የእኛን ፊደል እንዲያውቁ ማስተካከል የእኛ ድርሻ ነው። «1967» ብቻ የተጻፈበት ቆርቆሮ ቢገኝ፣ በፈረንጆቹ ከሆነ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ በእኛ ከሆነ ግን መስከረም 2 ቀን ወርደው ደርግ ይዟል። ስለዚህ ዘመኑ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይለይ ምንም ዓመት አይመዝገብ፤ ካልታወቀም «አልተለየም» ተብሎ ይጻፍ። ሰዓትም ቢሆን ያው ነው፤ የምሽት 2 ሰዓት ዜና በፈረንጅ አቆጣጠር 20 ሰዓት መሆኑን ኮምፒውተሩ በራሱ አያውቅም።

ስምን በተመለከተ፣ ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ የአባትን ስም የሚሞላ ሰው አባባ ተስፋዬን «ሳህሉ፣ ተስፋዬ» አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ በልጆች ፕሮግራማቸው ያደገ ሰው ደግሞ «ሳህሉ» ብሎ አይፈልጋቸውም። መዝገቡ በራስ ስም ይደርደር፤ «አባባ ተስፋዬ» እና «ተስፋዬ ሳህሉ» ወደ አንድ ገጽ ይምሩ።

የፊደሉ ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል። አንዱ «ሂሩት» ሲል ሌላው «ሒሩት» ይላል፤ «ማነው» እና «ማን ነው»ም አብረው ይኖራሉ። መፍትሔው ለዕይታ የመጀመሪያውን አጻጻፍ እንዳለ መተው፣ ለፍለጋ ግን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ፣ ተመልካቹ የማያየው የጽሑፍ ቦታ በሶፍትዌሩ ውስጥ ማዘጋጀት ነው። የአንድ ፕሮግራመር የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን ግማሹ ስብስብ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፍለጋው በአዲስ አበባ መጋዘኖች ብቻ አይወሰን። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ2006 እ.ኤ.አ. የታደሰው ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ነው። ውጭ ሀገር ያለውን ቅጂ ማምጣት ባይቻል እንኳ የት እንዳለ በመዝገቡ መስፈር አለበት።

በእጅ መኖርና ለሕዝብ የማሳየት መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ከሕግ ባለሙያ ጋር ማንበብ፣ ከባለመብቱ ወይም ከወራሾቹ በጽሑፍ ፈቃድ መቀበል፣ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሙዚቃም ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ ላልተገኘለት ሥራ መግለጫውና አንድ ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ይውጣ፤ ምስሉ እስኪፈቀድ በጥበቃ ይቆይ።

ማንነታቸው ያልታወቀ ፊቶች ሲበዙ ደግሞ የቀድሞ ካሜራ ባለሙያዎችን፣ የድምፅ ሠራተኞችንና አዘጋጆችን መጋበዝ ይጠቅማል። ምስሉ ድምፁ ተዘግቶ ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ቡናም ይቅረብ፤ እነሱ «አቁመው፣ አቁመው፣ ይሄ እኮ እገሌ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ይቀረጽ፣ የተናገሩበት ደቂቃና ሰከንድም ከካሴቱ ቁጥር ጎን በዚያው ወፍራም መዝገብ ይስፈር።