የቤት ዴስክቶፕ ስናጸዳና ስንይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች፤ ለድሬዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ሁለት ነገር መርሳት የለበትም፤ ሙቀቱንና አቧራውን። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቀን 35 ዲግሪ መድረስ ብርቅ አይደለም። የደቻቱ ወንዝም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ቤት ድረስ ይመጣል። የኮምፒውተር ፋን ደግሞ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። የቤቱን አየር ከነአቧራው ስቦ ያስገባል። ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ የማሽኑ ውስጥ ከዚያ በታች አይወርድም። እኛ ጋ ትንሿም ስህተት ቶሎ የምታስከፍለው ለዚህ ነው።

ሙቀትን ቫይረስ ማለት

በብዛት የማየው ይሄን ነው። ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ጌም ሲከፈት ድንገት ድርግም ይላል። «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባልና ፎርማት ይደረጋል። ገንዘብ ይወጣል፣ የልጆች ፎቶ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ፕሮሰሰር (ሥራውን ሁሉ የሚያሰላው ዋናው ቺፕ) ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካልበረደለት ደግሞ ማሽኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት የጎን ክዳኑን ክፈቱና የፕሮሰሰሩን ፋን እዩ። ከላይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ አትመኑት። በባትሪ እያበራችሁ በፋኑ ክንፎች መሀል ወደ ታች ተመልከቱ። ሳይጸዳ በቆየ ማሽን ላይ አቧራው ከፋኑ ሥር ባለው የማቀዝቀዣ ብረት ላይ እንደ ፍራሽ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ የለም።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት

ሲፒዩውን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ባጃጅ ላይ ጭኖ ጎሚስታ ጋ መውሰድ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። አቧራው ቦለል ብሎ ሲወጣም ደስ ይላል። ግን የጎማ ኮምፕሬሰር ታንክ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ብዙ ጊዜ ዘይትም አለበት። ያ እርጥበት ቀጥታ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ይረጫል። ግፊቱም ከልክ ያለፈ ስለሆነ ፋኑን ካቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል፤ ኩሽኔታው ይበላሽና ከዚያ በኋላ መጮኹን አያቆምም። ትንሽ የእጅ ብሎወርና ለስላሳ፣ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ግቢ አውጡት። ስትነፉ ፋኑን በጣት ወይም በእርሳስ ያዙት፣ እንዳይዞር። የምንጣፍ ቫኪዩምም ይቅር፤ አፉ ጋ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስሱ ዕቃዎችን ሊያቃጥል ይችላል።

ሳይነቅሉ መክፈት

ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እጃችሁን ባልተቀባ ብረት ላይ ነካ አድርጋችሁ ጀምሩ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትፍቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ከውጭ በቀዳዳው ንፉት፣ በቃ።

ዳንቴል ማልበስ፣ ግድግዳ ላይ ማስጠጋት

ዳንቴሉ ቤት ያሳምራል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አልብሱት። ሲበራ ግን አንሱለት። አብዛኛው ሲፒዩ ከፊት አየር ስቦ ከኋላ ያስወጣል፤ ከኋላው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። መሬት ላይም አይቀመጥ፤ ቤት ሲጠረግ የሚነሳውን አቧራ ሁሉ የሚበላው እሱ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ክዳኑን ከፍቶ ቬንትሌተር መደገን

ለጊዜው ያበርዳል፣ አልክድም። ቋሚ ከሆነ ግን ቬንትሌተሩ የክፍሉን አቧራ በሙሉ ማዘርቦርዱ ላይ ሲያራግፍ ይውላል። የታፈነውን አጽዱና ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ።

የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ነቅሎ ያለ ፔስት መመለስ

ፔስት ማለት በማቀዝቀዣው ብረትና በፕሮሰሰሩ መሀል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። አንዴ ከተነቀለ አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ አዲስ መቀባት አለበት፤ ምስር የምታህል ጠብታ በቂ ነው። በጥርስ ሳሙና የሚተኩ አሉ። ቶሎ ይደርቃል፣ አታድርጉት። ፔስት ከሌላችሁ ማቀዝቀዣውን አትንኩት፤ እንደተገጠመ አጽዱት።

ስክሪን ላይ መርጨት

ፈሳሹ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል። ጨርቁን ትንሽ አርጥቡት እንጂ ስክሪኑን አይደለም። ሶፍትም ይጭራል።

መብራት ሲመጣ ወዲያው ማብራት

መብራት ሲሄድ ማከፋፈያውን አጥፉት። ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ እስኪረጋ ጠብቁ። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አያቆይም። የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው፤ እሱም ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እንድታጠፉ ነው እንጂ ፊልም ለመጨረስ አይደለም።

መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ወደኋላ የሚመለስባችሁ ከሆነም ማዘርቦርድ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ያለቀችው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ቁጥሯ ሲአር 2032 ይባላል። ገመዱን ንቀሉ፣ አሮጌዋን አውጡ፣ የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ አዲሷን ክተቱ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ።